«ስንተኛ ወጣህ?» — የአራት ዓመት ካርድና የጥቂት ቀን ፈተና

በአገራችን ልማድ፣ ሰኔ ሲያልቅ አንድ ልጅ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» የሚል አይደለም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። ሒሳቡ 78 ይሁን 92 ለአባትየው ብዙ አይነግረውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ከክፍሉ ልጆች መካከል ልጁ የቱ ላይ እንደ ቆመ ነው። አንደኛ ከሆነ ጎረቤት ይሰማል፤ ሠላሳኛ ከሆነ ግን ወሬው ከጓዳ አይወጣም። ይህ ጥያቄ በሐይቅ ከተማም፣ በአምባሰል ተራራ ሥር በሚገኙት መንደሮችም፣ በአዲስ አበባም ያው አንድ ነው።

ታዲያ ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ያህል የሚጨነቅለት ካርድ፣ ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲን በር በሚያንኳኳበት ቀን ዋጋው ስንት ነው? እስከ 2017 ዓ. ም. ሲሠራበት በቆየው ደንብ መልሱ አጭር ነው፤ ምንም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየመንፈቀ ዓመቱ የተለቀመው ነጥብ ልጁን ለብሔራዊው ፈተና ከማስቀመጥ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ባቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ይግባ ወይም ይቅር የሚወስነው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በእርሳስ የሚያጠቁረው የመልስ ወረቀት ነው፤ ከ2016 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ ለአንዳንዶቹ የእርሳሱን ቦታ ኮምፒዩተር ወስዶታል።

ነገሩን በሐይቅ በኩል አድርገን ለማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው። በዚያው ውኃ ላይ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ አገሪቱ ካሏት ጥንታውያን ትምህርት ቤቶች መካከል ስሙ ከፊት ይጠራል። ወደ ሰሜን አለፍ ሲሉ ውጫሌን የያዘው፣ ስሙም ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ የተሰጠው አምባሰል አለ። እንግዲህ በዚህ አገር መማርም መመዘንም የትናንት ነገር አይደለም።

የጥንቱ መምህር ካርድ አይሰጥም ነበር፤ ተማሪው ግን በየቀኑ ይመዘን ነበር። ዜማ የሚማረው ልጅ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ትናንት የተቀበለውን ዛሬ ያሰማል፤ ካልያዘው ወደ ሚቀጥለው አይሄድም። ቅኔ የሚማረውም ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። እንዲህ ያለው መምህር ልጁን ለዓመታት ያውቀዋል፤ ትጋቱን፣ ስንፍናውን፣ ታሞ የተኛበትን ሰሞን ሳይቀር ያውቃል። ይሁን እንጂ ለማስተማር የሚያበቃው ምስክርነት በዚሁ መምህር ቃል ብቻ አይገኝም። ድጓ የጨረሰ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የዘለቀ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ያጠና ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ሄዶ በማያውቀው መምህር ፊት ያስመሰክራል። ሥርዓቱ በሁለት እግር የቆመ ነው ማለት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ለዓመታት ሲያየው ይኖራል፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ በመጨረሻ ይፈትነዋል። በወሎ የእስልምና ትምህርት፣ በዳናና በገታ እንደ ነበረው ሁሉ፣ ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበላል። በዚህኛው ወገን ክብደቱ የሚያዘነብለው ወደሚያውቀው ሰው ነው፤ ኢጃዛው የሚከበረው በሰጪው ሸኽ ስም ነውና።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ከሁለቱ እግር አንዱን ብቻ ይዞ ቆመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ ይልቁንም በ1954 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፣ በሕዝብ አፍ «ማትሪክ» የሚባለው፣ የዕድል ቁልፍ ሆነ። በዚያ ዘመን የሐይቅና የአምባሰል ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ደሴ፣ ወደ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። የማትሪክ ውጤት በፊደል ይሰጥ ነበር፤ አማካዩም ከ4 ይታሰባል፤ «አራት ነጥብ አመጣ» የተባለ ልጅ ስሙ በአገር ይናኛል። ዩኒቨርሲቲ በጣት የሚቆጠር በነበረበት ጊዜ ብዙውን አንገዋልሎ ጥቂቱን የሚያስቀር ወንፊት ማስፈለጉ አያስገርምም።

በ1986 ዓ. ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ማትሪክ ለሁለት ተከፈለ። ከ1993 ጀምሮ በ10ኛ ክፍል፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ፈተና ይሰጥ ጀመር፤ የ10ኛው ቆይቶ ከ2012 ዓ. ም. ወዲህ ቀረ። ዩኒቨርሲቲዎቹም በዝተው ከ40 በላይ ሆኑ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ. ም. ተመሠረተ። የመግቢያው ነጥብ እንደ ቦታው ብዛት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልል ልጆች፣ ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ዝቅ ብሎ ይቆረጥ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ካርዱ ሚዛን ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ሚዛን አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ እሱ የተሰበረ ቀን ሌላ መመዘኛ አይገኝም። በግንቦት 2008 ዓ. ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ከቀኑ በፊት በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ በመገኘቱ መላው ፈተና ተሰርዞ ከሳምንታት በኋላ እንደ ገና እስኪሰጥ ድረስ፣ የአገሪቱ ተማሪ ሁሉ እጁን አጣምሮ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲህም ስርቆቱና ኩረጃው አልቆመም። በመጨረሻ የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ. ም. ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ አደረገ። ፈተናው የተሰጠው በ2015 መባቻ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ተማሪው ከወላጁ ተለይቶ፣ ስልኩን ትቶ፣ በማያውቀው ግቢ አድሮ ተፈተነ።

ውጤቱ በጥር 2015 ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ልጆች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። በሚቀጥለው ዓመት ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ የመጨረሻው ከመቶ 8.4 መሆኑ ነው። (የተፈታኙ ቁጥር ራሱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሄዱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ለዛሬው እንለፈው።)

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ከእነዚያ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች አብዛኞቹ በየትምህርት ቤታቸው 9ኛን፣ 10ኛንና 11ኛን ክፍል በማለፊያ ነጥብ ተሻግረው የመጡ ናቸው። በካርዱ አልፈዋል። በፈተናው ግን ከመቶው ወደ 97ቱ የሚሆኑት ግማሽ አላመጡም። ፈተናው እንደሚታወቀው አራት አራት ምርጫ ያለው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው እንኳ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ስለዚህ «ግማሽ» የሚባለው መስፈሪያ ከፍ ያለ ተራራ አልነበረም። ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው፤ እኛ እንደሚመስለን ይበልጥ የዋሸው ካርዱ ነው።

ለምን ዋሸ? በአንድ ትንሽ ከተማ የሚያስተምር መምህር ያለበትን ሁኔታ ማሰብ ነው። ክፍሉ ሞልቶ ይተርፋል። ነጥቡ የሚሰበሰበው ከአጭር ፈተና፣ ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራና ከማጠቃለያ ፈተና ነው፤ በቡድን ሥራ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ስማቸውን ያሰፍራሉ። ልጅ ሲወድቅ ለምን ወደቀ ተብሎ የሚጠየቀው ራሱ መምህሩ ነው። የልጁ አባት ደግሞ የዕድር ጓደኛው፣ እናቲቱ ቡና የምታጠጣው ጎረቤት ናት። በሰኔ ሮስተር ሲሞላ «ቲቸር፣ ኧረ ሁለት ነጥብ ብቻ!» ብሎ በር ላይ የሚቆመውን ልጅ አይቶ እጁ የማይላላ መምህር ጥቂት ነው። በክፍያ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ወላጅ ገንዘቡን ከፍሎ 60 የሚል ካርድ ሲቀበል በሚቀጥለው ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ሌላ እንደሚሄድ ያውቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሐይቁ 85ና የአዲስ አበባው 85፣ የመንግሥቱ 85ና የግሉ 85 የማይተዋወቁ ቁጥሮች ሆኑ።

ይህን ብለን ግን ፈተናውን ብቻ አንግሠን መሄድ አንችልም። ካርዱ ቢዋሽም ፈተናው የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል ወደ ትምህርት ቤት መመላለሱን፣ አንድ ጊዜ ወድቆ መነሣቱን፣ ከብት ከመጠበቅና እንጨት ከመልቀም በተረፈው ሰዓት ማጥናቱን ያውቃል። ፈተናው የሚጠይቀው ሁሉንም በእኩል ነው፤ ያስተማራቸው ግን እኩል አይደለም። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ሙከራ ይጠየቃል። በትምህርት ቤት ራሱን ችሎ የማይሰጠው «አፕቲትዩድ» የተባለው ፈተናም ከሌሎቹ እኩል ይቆጠራል፤ በከተማ ለዚህ ተብሎ አስጠኚ ይቀጠራል፣ በአምባሰል ገደል ሥር ግን አስጠኚ የሚባል ነገር የለም።

ወሎ ደግሞ ከዚህም የባሰ አይታለች። የ2013 ዓ. ም. ፈተና የተጀመረው ጥቅምት 29 ቀን 2014 ነው። በዚያ ሳምንት ደሴና ዙሪያዋ በጦርነት ውስጥ ስለ ነበሩ የአካባቢው ልጆች ሊፈተኑ አልቻሉም፤ ጦርነቱ ከአካባቢያቸው ከራቀ በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከቤቱ ተፈናቅሎ፣ ደብተሩን ጥሎ፣ ምናልባትም ወንድሙን ቀብሮ የተመለሰ ልጅ በዚያ ሳምንት ያጠቆረው ወረቀት የማን ዕውቀት መለኪያ ነው? ካርዱ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ልጅ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ማን እንደ ነበረ ይናገርለት ነበር። ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ነገሩ የአንድ ዓመት አጋጣሚ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ቻይና እንደ እኛ በፈተና ታምናለች፤ በየዓመቱ በሰኔ ገደማ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች ለ«ጋኦካኦ» ይቀመጣሉ፣ ዕድላቸውም በዚያው ያድራል። አሜሪካ ግን ወደ ካርዱ ያደላች አገር ናት። በዚያ የታወቁት ኮሌጆች ተማሪ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚያዩት የአራቱን ዓመት ነጥብና ልጁ የትኞቹን ከባድ ትምህርቶች ደፍሮ እንደ ወሰደ ነው። በቺካጎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2020 እ. ኤ. አ. የታተመ ጥናት፣ አንድ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ይመረቅ እንደ ሆነ ከመግቢያ ፈተናው ይልቅ የትምህርት ቤት ነጥቡ አብልጦ እንደሚናገር አግኝቷል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት የመግቢያ ፈተናውን ለመተው ወሰነ። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ነጥብ በየትምህርት ቤቱ እየተለጠጠ፣ ሁሉም ልጅ ኤ ብቻ እየያዘ ሲመጣ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2022 እ. ኤ. አ. ፈተናውን መልሶ ጠየቀ፤ ዳርትመዝ ኮሌጅ በ2024 እ. ኤ. አ. ተከተለው። ምክንያታቸውም ለእኛ የሚጠቅም ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ልጅ ራሱን የሚያሳይበት አንዱ መንገድ ፈተናው ሆኖ አገኙት።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ግን የቴክሳስ ሕግ ነው። በ1997 እ. ኤ. አ. የወጣው ይህ ሕግ፣ በግዛቱ ውስጥ ካለው ከማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ከክፍሉ ከፊተኛው ከመቶ አሥሩ ውስጥ የወጣ ተማሪ የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀበለው ያዛል። (ዋናው በኦስቲን ያለው ዩኒቨርሲቲ በኋላ ቦታ ስለ ጠበበው ቁጥሩን ወደ ታች ለማውረድ ተፈቅዶለታል።) ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚጠይቀው «ስንት አመጣህ?» ብሎ አይደለም። «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። የሐይቁ አባት ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቀው የኖረው ጥያቄ በባዕድ አገር ሕግ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው።

የዚህ ዘዴ ብልኀቱ የት ላይ ነው? ነጥብ ይለጠጣል፤ ደረጃ ግን አይለጠጥም። መምህሩ ለሁሉም ሃያ ነጥብ ቢጨምር አንደኛው አንደኛ፣ ሠላሳኛውም ሠላሳኛ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ክፍል ሁለት አንደኛ ቢገኝ እንኳ ሃያ አንደኛ አይገኝም። የሐይቁን ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር ሳይሆን፣ በአንድ ወንበር ተቀምጦ በአንድ መምህር ከተማረው ከጓደኛው ጋር ያወዳድረዋል።

እኛ ይህ ሕግ እንዳለ ተገልብጦ ወደ አገራችን ይምጣ አንልም። አንድም ልጅ ካላሳለፉት ከ1,161ዱ ትምህርት ቤቶች የአንዱ አንደኛ፣ በፈተናው ከመቶ 35 ያመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እሱን በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ከ80 ባለቤት አጠገብ ማስቀመጥ ለእሱም ቸርነት አይደለም። ነገር ግን መንግሥት ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ «ሪሚዲያል» የተባለ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከፍቷል። ግማሽ ካላመጡት መካከል የተሻሉት ለጥቂት ወራት በዩኒቨርሲቲ ተምረውና ተፈትነው፣ ካለፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ወደዚህ ትምህርት የሚገባውም የሚለየው በዚያው በፈተናው ነጥብ ነው። እኛ የምንለው ይህ በር ከመንገዱ አንዱን ክፍል ለደረጃ ቢተው ምን ይጎዳል ነው። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ቢጠሩ 2,322 ልጆች ብቻ ናቸው፤ ለሪሚዲያል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ለተቀበለች አገር ይህ ቁጥር ሸክም አይሆንባትም። ልጁ በወራቱ ውስጥ ካልያዘው ይቀራል፤ ከያዘው ግን ያ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ላከ ማለት ነው። ለቀጣዩ ዓመት የ9ኛ ክፍል ልጅ ይህ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ መቃወሚያቸውም ከንቱ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ደረጃ ዋጋ ሲያገኝ የሚታገሉት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ደብተር መዋሱ ይቀራል ይላሉ። ይህ እውነት አለው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያለው የከተማ ወላጅ ልጁን ለ12ኛ ክፍል ብቻ ወደ ገጠር አምጥቶ የአገሬውን አንደኛ ይቀማዋል ይላሉ፤ ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከ9ኛ ጀምሮ በዚያው ያልተማረ አይቆጠር። ሦስተኛው ግን ይከብዳል። ዛሬ ሁለት ነጥብ የሚለመነው መምህር፣ ያን ጊዜ የሚለመነው አንደኛነት ይሆናል፤ ለማኙም ልጁ ራሱ ብቻ አይሆንም። ለዚህ በበኩላችን የምንሰጠው መልስ የጥንቱን ሥርዓት መጥራት ነው። ድጓ የዘለቀው ተማሪ በመምህሩ ቃል ብቻ እንዳልታመነ ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱ አንደኛም በብሔራዊው ፈተና ከትምህርት ቤቱ ልጆች ከፊተኞቹ መካከል ካልተገኘ ቦታው አይሰጠው። ካርዱ ይጠቁም፤ ፈተናው ይመስክር። አንደኛ የተባለው በፈተና አርባኛ ከወጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይጠየቅ።

የአገሪቱ መንገድ በአሁኑ ጊዜ የሚሄደው ግን ወደ ሌላ ፈተና እንጂ ወደ ካርድ አይደለም። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከብሔራዊው ፈተና በላይ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ኖረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን ፈተና ያዘጋጃል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪያቸውን ራሳቸው የሚመርጡ ከሆነ፣ ትራንስክሪፕቱን ጠይቆ ማየት ወጪው አንድ ወረቀት ነው። አንዱ እንኳ ደፍሮ ቢጀምረው በአምስት ዓመት ውስጥ የገቡትን ልጆች ነጥብ ከካርዳቸውም ከፈተናቸውም ጋር አስተያይቶ የትኛው እውነቱን እንደ ተናገረ በአገሩ መረጃ ማወቅ ይቻል ነበር፤ የቺካጎን ጥናት መጥቀስም ባላስፈለገን።

እስከዚያው ድረስ ካርዱ ዋጋ ያለው ከባሕር ማዶ ነው። አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚያመለክት የኢትዮጵያ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት፣ ማኅተም ያለበትን፣ ያቀርባል። በገዛ አገሩ ማንም ያልጠየቀው ወረቀት በዚያ ከሁሉ በፊት ይነበባል። ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ ካርዱን ቅጂ አስነሥቶ፣ አስመትቶ፣ ቤቱ ቢያስቀምጥ አይጎዳም። በጦርነቱ ጊዜ በወሎ አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ መዝገባቸውም ጠፍቷል። የብሔራዊው ፈተና ውጤት አዲስ አበባ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ሮስተሩ ግን ያለው በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።